ኢኮኖሚክስ ልምረጥ ወይስ ልተወው?

 

በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ ከአንዲት የቀድሞ ተማሪያችን የመጣ ነው። አንገር ጉቲን ላይ 11ኛና 12ኛ ክፍል ኢኮኖሚክስ ያስተማርናት፣ ከሰዓት በኋላም መድረሳ እየመጣች የቀራች ልጅ ናት። በአካባቢያችን በደረሰው ግጭት ቤተሰቧ ተፈናቅሎ ከትምህርት ገበታ ርቃ ከከረመች በኋላ ተመልሳ ለፈተና ተቀመጠች። አልሐምዱሊላህ፣ አልፋ ነቀምቴ ገባች። የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲያልቅ ለዕረፍት መጥታ ቤታችን ጎራ አለች። ሰላምታው እንዳበቃ ወደ ጉዳይዋ ገባች።

«ኡስታዝ፣ ከወዲሁ የትምህርት ክፍል ምርጫችሁን አስቡበት ተብለናል። እኔ ኢኮኖሚክስ ብዬ ነበር። አባባ ግን ‹ወለድ ልትማሪ ነው የላክንሽ?› ብለው ተቆጡኝ። ጓደኞቼ ደግሞ ሒሳቡ አይቻልም፣ አካውንቲንግ ይሻልሻል ይሉኛል። ልምረጠው ወይስ ልተወው?»

እኛም መልሰን ጠየቅናት፦ «የመጀመሪያ ዓመቱን የኢኮኖሚክስ መግቢያ ኮርስ ወስደሻል?»

«ገና ነው፤ በሁለተኛው ሴሚስተር ነው። እሱ እኮ ኮመን ኮርስ ነው!»

ይህችን «ኮመን ኮርስ ነው» የምትል ቃል ከብዙ ወጣቶች አፍ ሰምተናታል። «አትጨነቁበት፣ ያለፈ ዓመት ፈተና ይዞ ማለፍ ይቻላል» ማለት ናት። አባትም፣ ጓደኞችም፣ ልጅቱም ስለ አንድ ትምህርት ሲከራከሩ፣ ትምህርቱ ምን እንደሆነ ሊነግራቸው የሚችለውን አንድ ኮርስ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ ኮርሱ ራሱ ጥቂት ልናወጋችሁ ወደድን።

እንደሚታወቀው የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ለዓመታት ተቋርጦ ከቆየ በኋላ በ2012 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ተመልሷል። ከጋራ ኮርሶቹ አንዱ የኢኮኖሚክስ መግቢያ ነው። የሚጀምረው እጥረትና ምርጫ ከሚባሉት ነገሮች ነው። ከዚያ ወደ ፍላጎትና አቅርቦት፣ ቀጥሎም ሸማች እንዴት እንደሚመርጥ፣ ምርትና ወጪ እንዴት እንደሚሰላ፣ ገበያ ስንት ዓይነት እንደሆነ ይሄዳል። የአገር ጠቅላላ ምርት፣ የዋጋ ንረትና ሥራ አጥነት የመጡት በመጨረሻ ነው። በሌላ አነጋገር አብዛኛው ማይክሮ ኢኮኖሚክስ ነው፤ ማክሮው ጅራቱ ላይ ነው። ተማሪው እዚህ ኮርስ ላይ ራሱን ካልፈተነ በዓመቱ መጨረሻ ቅጽ የሚሞላው በወሬ ነው ማለት ነው።

እኛ ራሳችን ከዚህ ጥፋት ነፃ አይደለንም። በእኛ ጊዜ የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት አልነበረም፤ በቀጥታ ትምህርት ክፍል ተመድበን ነው የጀመርነው። የመግቢያውን ኮርስ ከፎቶ ኮፒ ቤት በገዛነው የቆየ ፈተና ሸምድደን አለፍነው፤ ውጤቱም መጥፎ አልነበረም። ሁለተኛው ዓመት ላይ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር አቋርጦ «ይህ መስመር ወደ ቀኝ ቢሄድ ምን ይሆናል?» ብሎ ሲጠይቀን ግን አንገታችንን ደፋን። መስመሩን በቃል እናውቀው ነበር፤ ምን እንደሚናገር ግን ጠይቀነው አናውቅም። ያንን ቀዳዳ ለመድፈን ሁለት ክረምት ፈጅቶብናል። ዛሬ ደግሞ ነገሩ ከብዷል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ሳያልፍ አይመረቅም፤ በአንደኛው ዓመት የተዘለለው በመጨረሻው ዓመት ተመልሶ ይመጣል።

እንግዲህ ወደ ልጅቱ እንመለስ። «እናትሽ ቅዳሜ ገበያ ምን ይሸጣሉ?» አልናት። በርበሬና ጨው እንደሚሸጡ እናውቃለን፤ ከእሷ አፍ መስማት ፈልገን ነው። በርበሬ ሲገባ ዋጋው እንደሚወርድ፣ እናቷ ሁሉንም በአንድ ቀን እንደማይሸጡና ግማሹን ለረመዳን መግቢያ እንደሚያቆዩ ነገረችን። ጨው ቢወደድም ሰው መግዛቱን አይቀንስም፤ በርበሬ ሲወደድ ግን ከኪሎ ወደ ሩብ ይወርዳል አለች።

ልብ በሉ! መጽሐፉ ኢላስቲሲቲ የሚለውና ብዙ ተማሪ የሚሸበርበት ምዕራፍ ይኸው ነው። ዋጋ ሲለወጥ ገዢ ምን ያህል ይሸሻል ወይም ይመጣል ነው ጥያቄው። ከጨው አይሸሽም፤ ከበርበሬ ይሸሻል። ልጅቱ ይህን ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። የማታውቀው ስሙን ነው፤ በቁጥር መለካቱንም ገና አልተማረችም።

ይህ ነገር ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በ1994 ዓ.ም. ገደማ በምዕራቡ የአገራችን ክፍል የሆነውን ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። ዝናቡ ሰምሮ፣ ማዳበሪያውና ምርጥ ዘሩ ተዳርሶ፣ በቆሎ ተትረፈረፈ። ገበሬው ግን አልከበረም። ዋጋው በአንዳንድ ቦታ እስከ 80 በመቶ ወደቀ፤ ማጓጓዣውን እንኳ ስለማይሸፍን እህሉን ማሳ ላይ የተወ ነበር። ወዲያው በ1995 ዓ.ም. ድርቅ መጣና በሚሊዮን የሚቆጠር ወገን እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ጥጋብና ረሃብ በአንድ አገር፣ በተከታታይ ዓመት!

ለምን ሆነ? ሰው በቆሎ ረከሰ ብሎ በቀን ስድስት ጊዜ አይበላም። ምርቱ በብዙ ሲጨምር ፍላጎቱ በዚያው ልክ አይጨምርም፤ ስለዚህ ዋጋው ይገደላል። በዚያ ላይ ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳ ስላለበት ሁሉም በአንድ ወር ይሸጣል፤ ማቆያ መጋዘን የለውም፤ ሌላ ቦታ ዋጋው ስንት እንደሆነም አያውቅም። ይህን ችግር ከልብ ከያዙት አንዷ ኢኮኖሚስቷ እሌኒ ገብረመድኅን ናቸው። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በእሳቸው መሪነት ሥራ ሲጀምር መነሻው ይኸው ነበር፤ ገበሬው ዋጋ ይወቅ፣ እህሉ በደረጃ ተመዝኖ መጋዘን ይግባ። ዛሬ የእኛ አገር ሰሊጥ እዚያ ገበያ ላይ «የወለጋ» ተብሎ በራሱ ደረጃ የሚታወቅ ነው። ምርት ገበያው ሁሉንም ችግር ፈታ አንልም፤ ከጉቲን ገበሬ እስከ መጋዘኑ ድረስ ያለው መንገድና ደላላ ምን እንደሚመስል አንባብያን ታውቁታላችሁ። ነገር ግን ሐሳቡ የተነሣው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በ«ኮመን ኮርስ» ከሚያልፈው ምዕራፍ ነው።

ስለዚህ ከማይክሮ ወይስ ከማክሮ ልጀምር ለሚል ተማሪ መልሳችን ከማይክሮ የሚል ነው። እርግጥ በአገራችን ዩኒቨርሲቲ የመግቢያው ኮርስ ሁለቱን አጣምሮ ስለሚይዝ ምርጫ የለም። ምርጫው ጉልበትን የት ላይ ማፍሰስ ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች ግን ሁለቱ መግቢያዎች ብዙ ጊዜ ለየብቻ ስለሚሰጡ፣ በውጭ አገር ያሉ የዘመዶቻችን ልጆች እውነተኛ ምርጫ ይገጥማቸዋል። ማክሮ ማራኪ ነው፤ ወሬው በየቀኑ በሬዲዮ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሁሉም ሰው ስለ ምንዛሪ ተንታኝ ሆነ። ሆኖም ሰሊጥ ላኪው ለምን እንደተደሰተ፣ ዘይት ገዢው ለምን እንዳዘነ ለማስረዳት መጀመሪያ የአንድ ዕቃ ዋጋ እንዴት እንደሚወሰን ማወቅ ያስፈልጋል። ዶላርም ገዢና ሻጭ ያለው ነገር ነው። የጨውና የበርበሬን ነገር ያልገባው ተማሪ የዶላሩን ነገር ይሸመድደዋል እንጂ አይረዳውም።

አሁን ከባዱ ጥያቄ ወደሆነው ወደ አባትየው እንሂድ። ከጁሙዓ ሶላት በኋላ መስጊድ በር ላይ አግኝተናቸው አብረን እየሄድን ተጨዋወትን። ዕድሜያቸውን እናከብራለን፤ ከወሎ በሰፈራ መጥተው ይህን ቆላ በእጃቸው ያቀኑ፣ በሬዎቻቸውን ለገንዲ ገብረው እንደገና የጀመሩ ሰው ናቸው። ሐሳባቸውንም አቃለን አናየውም። አንዳንድ የተማረ ወጣት «አባቶቻችን ኋላ ቀር ናቸው» ሲል እንሰማለን፤ ይህ ነውር ነው። ሪባን የሚፈራ አባት ሊመሰገን ይገባዋል።

«ኡስታዝ፣ እርስዎ ያውቃሉ፤ መጽሐፉ ወለድ አለበት ወይስ የለበትም?» አሉን።

«አለበት አባባ፤ አንዋሽዎትም» አልናቸው። «ግን የሕክምና መጽሐፍ ውስጥም ስለ መርዝ ተጽፏል።»

ጥቂት ዝም ብለው ሄዱ። እኛም የሸሪዓ ብይን ሰጪ አለመሆናችንን ነገርናቸው፤ የየትኛው ሥራ ሐላል ሐራም ዝርዝር የዑለማዎቻችን ነው። እኛ የምናውቀው ትምህርቱን ነው። ኢኮኖሚክስ የባንክ ሥራ ሥልጠና አይደለም። ከዚህ ትምህርት የሚወጣ ሰው በግብርና ጽሕፈት ቤት፣ በፕላን፣ በስታቲስቲክስ፣ በገቢዎች፣ በኅብረት ሥራ ዩኒየን፣ በመምህርነት ይሠራል። ወለድ ያለበት ምዕራፍ ተማሪውን ወለድ ብላ አይለውም፤ ዓለም በምን እንደሚሄድ ያስረዳዋል። ወለድን የሚቃወም ሰው ደግሞ አሠራሩን ከሁሉ በላይ ሊያውቅ ይገባዋል።

ከዚያም አንድ ነገር ጠየቅናቸው፦ «ነጋዴ በሰኔ ገንዘብ ሰጥቶዎት ሰሊጡን በኅዳር የሚረከብበት ውል እዚህ አለ አይደል?» አለ እንጂ፣ ስንቱ ተጎድቶበታል አሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ሲገቡ ሰዎች ለዓመትና ለሁለት ዓመት ቴምር በቅድሚያ ይከፍሉ እንደነበርና፣ ይህን የሚያደርግ ሰው ስፍሩ፣ ክብደቱና ጊዜው የታወቀ ይሁን ብለው እንዳዘዙ አባትየው ከእኛ በፊት ያውቁታል፤ የሰለም ውል ነው። በመካከላችን ያለው ጉዳት የሚመጣው መጠኑም፣ ጥራቱም፣ ቀኑም ሳይታወቅ በቃል ስለሚደረግ ነው። ይህን ውል በቁጥር አስልቶ ገበሬው ምን እንደሚያጣ፣ ነጋዴው ምን እንደሚያገኝ በወረቀት የሚያሳያቸው ልጅ ከየት ይምጣ? መስጊድ ውስጥ ያለው ሸይኽ ሑክሙን ያስተምራል፤ ስሌቱን የሚሠራ ሰው ግን ያስፈልገዋል።

ደግሞም ይህ ዕውቀት የባዕድ ነው የሚሉ ይሳሳታሉ። ዐስሩ መቶኛና አምስቱ መቶኛ የሰብል ዘካ ምን እንደሚያስተምር ተመልከቱ። በዝናብ የበቀለው ከዐሥር አንድ፣ በድካም በመስኖ የጠጣው ከሃያ አንድ ይወጣለታል። ወጪ የበዛበት ቀለል ተደረገለት። የምርትና ወጪ ምዕራፍ ሲደርስ ይህን ያስታወሰ ተማሪ የሚቸገር አይመስለንም። የካይሮው የታሪክ ሊቅ አል መቅሪዚም (ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1442 ነው) በከተማቸው የገበያ ተቆጣጣሪ ሆነው የሠሩ ሰው ነበሩ። በግብፅ የደረሰውን ረሃብና የኑሮ ውድነት ከሹመት በጉቦ መገዛት፣ ከመሬት ኪራይ መናርና የመዳብ ሳንቲም ከመብዛቱ ጋር አያይዘው መጽሐፍ ጽፈዋል። ገንዘብ ሲበዛ ዋጋ ይንራል የሚለው የማክሮ ምዕራፍ ከመጻፉ ስንት መቶ ዓመት በፊት! እኚሁ ሊቅ ስለ ሐበሻ ሙስሊም ነገሥታት የጻፉ መሆናቸውን ስናስብ ለእኛ እንግዳ አይደሉም።

አባትየው የያዙት ፍርሃት ግን ሙሉ በሙሉ ባዶ አይደለም። ከተመረቁ በኋላ ብዙውን ጊዜ በቶሎ ሠራተኛ የሚፈልገው ባንክ ነው፤ ልጁም ሥራ አጥቶ ሲንከራተት የቆየ እንደሆነ ፈተናው ከባድ ነው። ይህን ከአሁኑ በቤተሰብ መነጋገር ይገባል። አልሐምዱሊላህ፣ በሩ እንደ ድሮው የተዘጋ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ባንኮች ወለድ አልባ አገልግሎት በመስኮት እንዲሰጡ ተፈቀደ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ሙሉ በሙሉ ወለድ አልባ የሆነው ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀመረ፤ ሒጅራ ባንክም ተከተለ። እነዚህ ተቋማት ሙራበሐን ከብድር የሚለይ፣ የሙዳረባ ትርፍና ኪሳራ የሚያሰላ ሰው ይፈልጋሉ። መድረሳ ብቻ የተማረ ስሌቱን አይችለውም፤ ዩኒቨርሲቲ ብቻ የተማረ ውሉን አያውቀውም። ሁለቱንም የያዘ ልጅ ጥቂት ነው።

አንድ ነገር ሳንረሳ እናንሣ። ተማሪያችን እናቷ በርበሬ እንደሚያቆዩ ስትናገር ትንሽ አፍራ «ኡስታዝ፣ ኢሕቲካር ይሆንባት ይሆን?» ብላናለች። ደስ የሚል ጥያቄ ነው። እህልን በጥጋብ ወቅት አቆይቶ በእጥረት ወቅት ማውጣት ዋጋውን እንደሚያመጣጥን ኢኮኖሚክስ ያሳያል፤ በ1994 የጎደለውም ይኸው ነበር። ሰው በተቸገረ ሰዓት ገበያውን ለማድረቅ መሸሸግ ደግሞ ሌላ ነው፤ ወሰኑን የሚያሰምሩት ዑለማዎች ናቸው። የእናትየዋ ሁለት ጆንያ በርበሬ ገበያ ያደርቃል ብለን ግን አልፈራንም፤ ይህንኑ ነግረናት ሳቀች።

ስለ ሒሳቡ ደግሞ አጭር ነው የምንለው። የመግቢያው ኮርስ የሚጠይቀው መቶኛ፣ ክፍልፋይ፣ የቀጥታ መስመር ግራፍና ቀላል እኩሌታ ነው። ይህች ልጅ መድረሳ ውስጥ የፈራኢድ ትምህርት ስትማር የሟች ንብረት ለሚስት አንድ ስምንተኛ፣ ለእናት አንድ ስድስተኛ እያለች ቀሪውን ለልጆች ስትደለድል አይተናታል። ክፍልፋይ የሚያስፈራው ለእሷ አይደለም። በኋላ የሚመጣው ካልኩለስና ኢኮኖሜትሪክስ ግን ከበድ ያለ ስለሆነ አንደኛ ዓመት ላይ የሚሰጠውን የሒሳብ ኮርስ አብራ አጥብቃ እንድትይዝ ነግረናታል። ሒሳብ ፈጽሞ የማይወድ ልጅ ቢሆን ኖሮ ምክራችን ሌላ ይሆን ነበር፤ ይህንንም መሸሸግ አይገባም።

እውነተኛው እንቅፋት ቋንቋው ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጆቻችን ደግሞ ገበያውን የሚያውቁት በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ነው። ስለዚህ አንድ ደብተር ለይታ፣ በግራ በኩል የመጽሐፉን ቃል፣ በቀኝ በኩል በቤቷ ቋንቋ ከጉቲን ገበያ አንድ ምሳሌ እንድትጽፍ መከርናት። ግራፉንም ከመጽሐፍ አትቅጂ፣ የእናትሽን የበርበሬ ዋጋ የስድስት ቅዳሜ መዝግበሽ ራስሽ ሥሪው አልናት።

አካውንቲንግ ይሻላል ለሚሉት ጓደኞቿ መልሳችን፣ ይሻላል አይሻልም ሳይሆን ሌላ ነው የሚል ነው። አካውንቲንግ የአንድን ድርጅት ገቢና ወጪ በትክክል መመዝገብ ነው፤ ኢኮኖሚክስ የሰሊጥ ዋጋ ለምን ወረደ ብሎ መጠየቅ ነው። መዝገብ የሚወድ ልጅ አለ፤ «ለምን» የሚል ልጅ አለ። የእኛዋ የኋለኛዋ ናት።

ከዕረፍት ከተመለሰች በኋላ በሁለተኛው ሴሚስተር ኮርሱን ወሰደችው። በየሳምንቱ ማለት ይቻላል በስልክ ጥያቄ ትልክልን ነበር፤ አንዳንዱን እኛም መጽሐፍ ገልጠን ነው የመለስነው። ቅጹን የሞላችው በቅርቡ ነው። አንደኛ ኢኮኖሚክስ፣ ሁለተኛ አካውንቲንግ ብላለች፤ ምደባው በውጤት ስለሆነ ገና አልታወቀም። አባትየው ባለፈው ጁሙዓ ስንገናኝ ስለ ምርጫው አላነሡም። ልጃቸው በደብተር ያሰፈረችላቸውን የስድስት ሳምንት የበርበሬ ዋጋ ከኪሳቸው አውጥተው፣ ለሰሊጥም እንዲሁ ይሠራ እንደሆነ ጠየቁን።

ወቢላሂ ተውፊቅ።